የመንገድ ዳኛ፦ በሥዕል የሚተረክ ወንጀልና አንባቢው

ወንጀልን በተከታታይ ሥዕልና በአጫጭር ቃል የሚተርኩት ትንንሽ መጻሕፍት፣ በተለምዶ «ኮሚክ» የሚባሉት፣ በብዙ አገር ወዳጅ አሏቸው። ከእነዚህም ውስጥ ደራሲው ወይም ሠዓሊው ራሱ አሳታሚ ሆኖ፣ ከትልልቅ አሳታሚ ማኅበራት ትእዛዝ ውጪ የሚያወጣቸው ልዩ ፍቅር ያላቸው አንባቢያን አግኝተዋል። የፍቅሩ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «ሰው ደም ማየት ስለሚወድ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም ጐደሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እንደሚከተለው ነው፤ አንባቢ በሥዕል የተተረከ ወንጀልን የሚወደው ታሪኩ በዳኝነት ወንበር ስለሚያስቀምጠው ነው። ፍርዱ አስቀድሞ በሌላ ሰው ተቈርጦ ሲሰጠው ግን ወይ መጽሐፉን ይተወዋል፣ ወይም ከመጽሐፉ ውስጥ ደሙን ብቻ ይመለከታል። ይህንንም ከአገራችንና ከውጭ አገር ታሪክ በተወሰዱ ምሳሌዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ። የኢትዮጵያ ነገር በዓመተ ምሕረት፣ የውጭ አገር ነገር ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፎአል።

ጥያቄው ያደረብኝ በአዳማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ነው። በመኝታ ቤታችን ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር፣ ሽፋኗ የወደቀ፣ የመጨረሻ ገጿም የተቀደደ አንዲት የወንጀል ኮሚክ ነበረች። ታሪኳ ወንድሙን ከዕዳ ለማውጣት ሲል የባንክ ገንዘብ ስለ ሰረቀና በስርቆቱም ላይ አንድ ዘበኛ ስላቈሰለ ሰው ነው። ለእኛ በተረፈችልን በመጨረሻዋ ሥዕል ሰውየው በዝናብ ውስጥ ቆሞአል፤ ከፊቱ የወንድሙ ቤት በር፣ ከኋላው የፖሊስ መኪና መብራት ይታያል። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ስለዚህ ሰው ያልተከራከርንበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዱ «እጁን ይስጥ» ሲል፣ ሌላው «መጀመሪያ ገንዘቡን ይመልስ» ይላል። ከአርሲ የመጣው ጓደኛችን ደግሞ «የቈሰለው ዘበኛስ ምን ያገኛል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ከዓመት በኋላ አንድ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን አግኝቶ አመጣልን። በመጨረሻው ገጽ ላይ ፖሊሶቹ ሰውየውን ተኩሰው ይጥሉታል፤ ከበታቹም ወንጀል ምን እንደሚያስከትል የሚገልጽ ምክር ተጽፎበታል። ከዚያች ሌሊት በኋላ ስለዚያ መጽሐፍ አንድም ሰው ሲያነሣ አልሰማሁም።

ለመሆኑ ክርክሩ ያን ያህል የጣፈጠን ስለ ምንድን ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት የከተማዋንና የአካባቢዋን ልማድ መመልከት ይጠቅማል። አዳማ ተላላፊ የሚበዛባት ከተማ ናት። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከመንገዱ ጣቢያዎች አንዷ እርሷ ነበረች። ስሟም ናዝሬት ተብሎ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ ወደ ቀድሞው ተመልሶአል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም.፣ የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብም በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ከየአገሩ ሠራተኛ ወደ አካባቢው መጣ። ከሞጆ ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ፣ ከአዳማም ወደ አሰላ ወይም ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚሄድ መንገደኛ በእነዚህ ከተሞች መናኸሪያ ተቀምጦ መኪና ይጠብቃል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚያነበው ነገር ይሻል።

ለእንዲህ ያለው አንባቢ የወንጀል ታሪክ የተመቸ ነው፤ አጭር ነው፣ ቶሎ ይጀምራል፣ መንገዱ ሳያልቅም ያልቃል። የፖሊስ ሠራዊት ያወጣው የነበረው «ፖሊስና እርምጃው» የተባለው ጋዜጣ የወንጀልን ወሬ ለብዙ ሕዝብ አድርሶአል። ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በመጻፍ ታውቆአል፤ ማሞ ውድነህም ስለ ሰላዮች የሚናገሩ ብዙ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ መልሶ አስነብቦአል። እነዚህ ሁሉ ግን በቃል የተጻፉ ናቸው፤ በሥዕል የተተረኩ አይደሉም። ስለዚህ የአገራችን አንባቢ ለወንጀል ታሪክ ያለው ፍላጐት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ከማተሚያ መኪና በፊት ወደ ነበረው ልማድ መሄድ ግድ ይሆናል።

በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ በዚያ የሚያልፈውን ሰው አስቁመው «ዳኘን» ማለት የተለመደ ነበር። ያ ሰው ተሹሞ የተቀመጠ ዳኛ ሳይሆን የመንገድ ዳኛ ነው። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ከሳሽንና ተከሳሽን ይሰማል፤ ሌላውም ተላላፊ እየቆመ ያዳምጣል። ተሟጋቾቹ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በቃል ብልኀት ሲረታቱ መስማት ለሕዝቡ ትምህርትም ጨዋታም ነበር። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ይሰበሰብና ነገሩ እስኪገለጥ ይመረመራል። ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድም መድኀኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቈጠር ነበር። ይህ የመጨረሻው ልማድ ንጹሕ ሰውን ለመከራ ሊዳርግ የሚችል በመሆኑ መቅረቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድነት የሚያስረዱት፣ ወንጀልን መመርመርና መፍረድ የመንግሥት ሹም ብቻ ሳይሆን የተራው ሰውም ጉዳይ ሆኖ መኖሩን ነው።

በስምጥ ሸለቆው በሚኖረው በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ያለው የጉማ ሥርዓት ይህን አሳብ ይበልጥ ያጐላዋል። ሰው የተገደለ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች በገዳይና በሟች ወገን መካከል ገብተው ካሣ እንዲከፈልና ዕርቅ እንዲወርድ ያደርጋሉ። በዚህ ሥርዓት የነገሩ ፍጻሜ የገዳዩ መሞት አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች እንደገና በአንድ ውሃ ከብቶቻቸውን ማጠጣት መቻላቸው ነው። በ1966 ዓ.ም. የቀረበው «ጉማ» የተባለው ፊልምም መሠረቱ ይኸው ጉዳይ ነበር። ከአርሲ የመጣው ጓደኛችን ስለ ቈሰለው ዘበኛ መጠየቁ እንግዲህ ከዚህ ልማድ የተገኘ ይመስለኛል። እኛ ስለ ሌባው ዕጣ ስንጨነቅ፣ እርሱ ያደገበት ሥርዓት ግን አስቀድሞ የተበደለውን መጠየቅ አስተምሮታል።

ፍርድ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕልም ሲነገር ኖሮአል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ደግ ሰው ሙሉ ፊቱን አዙሮ በሁለት ዓይን ሲታይ፣ ክፉ ሰው በጐን በአንድ ዓይን ይሣላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ ማን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ከእነዚህም ሥዕሎች ከፍተኛ የወንጀል ታሪክ ያለበት የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ይህ ሰው ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በላ። በኋላ በመንገድ ያገኘው በሽተኛ ድኻ በእመቤታችን ስም ውሃ ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተም ጊዜ ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ በአንድ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያች ጥርኝ ውሃ ተቀመጡ፤ በእመቤታችንም አማላጅነት ውሃይቱ ደፋች። በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ በሚገኘው በኡራ ኪዳነ ምሕረት ይህ ታሪክ በግድግዳ ላይ ተሥሎ ይታያል።

ይህ ሥዕል ከኮሚክ ጋር የሚመሳሰለው በሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ የታሪኩ ክፍሎች ጐን ለጐን ስለሚቀመጡ በአንዱና በሌላው ሥዕል መካከል የሆነውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። በሸራ ተሥሎ የሚሸጠው የንግሥተ ሳባ ታሪክም ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ተከፍሎ የሚቀርበው በዚሁ ዘዴ ነው። በሁለተኛ፣ ሚዛኑ በተመልካቹ ፊት ተሰቅሎአል። ምእመኑ ፍጻሜውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሆኖም በሚዛኑ ፊት በቆመ ቁጥር 78 ሰው በጥርኝ ውሃ እንዴት ይመዘናል ብሎ ይደነቃል። ታሪኩ ስለ ምሕረት ለማስተማር የተነገረ ነው፤ ኀይሉ ግን የሰውን የፍርድ ልቡና ሳያስተኛ ምሕረቱን ማሳየቱ ነው።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ የዚህን ተቃራኒ እናገኛለን። በ1942 ሌቭ ግሊሰን የተባለ አሳታሚ፣ ቻርልስ ቢሮና ቦብ ውድ እያዘጋጁለት፣ «ወንጀል አያዋጣም» የሚል ስም ያለው ኮሚክ ማውጣት ጀመረ። በሽፋኑ ላይ «ወንጀል» የሚለው ቃል በግዙፍ ፊደል፣ «አያዋጣም» የሚለው ግን በትንንሽ ፊደል ይታተም ነበር። መጽሐፉ እጅግ ተሸጠ፤ ሌሎችም አሳታሚዎች እርሱን ተከተሉ። ምክሩ በመጨረሻ ገጽ፣ ደሙ በሌሎቹ ገጾች ሁሉ ስለ ነበር አንባቢው የቱን እንደሚገዛ ሻጩ ያውቅ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበረው ቦብ ውድም በ1958 አንዲት ሴት ገድሎ ታሰረ። ከዚህ የምንረዳው በገጽ ግርጌ የሚለጠፍ ምክር አንባቢውን ቀርቶ ጸሐፊውን እንኳ ለመጠበቅ ዋስትና አለመሆኑን ነው።

በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አወጡ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ነገሩን በአደባባይ መረመረ። አሳታሚዎቹም የመንግሥትን ቁጥጥር ፈርተው የራሳቸውን ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት በማናቸውም ታሪክ መልካሙ ክፉውን ማሸነፍ፣ ወንጀለኛውም መቀጣት አለበት፤ ፖሊሶች፣ ዳኞችና የመንግሥት ሹማምንት አክብሮት በሚያሳጣ መልክ ሊቀርቡ አይችሉም። «ወንጀል» የሚለው ቃልም በሽፋን ላይ ከሌሎቹ ቃላት እጅግ ገዝፎ እንዳይታይ ተከለከለ። ማኅተሙ የሌለበትን መጽሐፍ አከፋፋዮች ለመቀበል እምቢ ስላሉ ደንቡ እንደ ሕግ ሠራ። «ወንጀል አያዋጣም» በ1955 ቆመ፤ የወንጀል ኮሚክም በጠቅላላው ደከመ።

የደከመበት ምክንያት ደሙ ስለ ቀነሰ ብቻ ነው ልንል አንችልም። ፍርዱ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ተቈርጦ ያለቀ ስለ ሆነ አንባቢው የሚመዝነው ነገር አልቀረለትም። በመኝታ ቤታችን የሆነውም ይኸው ነው።

የአንባቢውን ወንበር የመለሱለት በአብዛኛው ትንንሾቹ አሳታሚዎች ናቸው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኮሚክን ብቻ የሚሸጡ ሱቆች መጽሐፉን በቀጥታ መግዛት ሲጀምሩ የደንቡን ማኅተም መፈለግ ቀረ። በዚህ መንገድ በ1995 ዴቪድ ላፋም ከባለቤቱ ከማሪያ ላፋም ጋር በራሳቸው አሳታሚነት «ስትሬይ ቡሌትስ» (የባዘኑ ጥይቶች) የተባለውን በጥቁርና ነጭ የተሣለ ኮሚክ ማውጣት ጀመሩ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ዋነኞች ሰዎች አንዷ በልጅነቷ ግድያ ያየች ልጅ ናት። ታሪኩ ነፍሰ ገዳዮቹን ብቻ ተከትሎ አይሄድም፤ ያች ልጅ ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤትና በቤቷ ምን እንደ ሆነች ያሳያል። ዘመኑን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያቀያየረ ስለሚተርክ ፍርዱን ሰብስቦ የሚያስተካክለው አንባቢው ነው። ደንቡ ራሱ እየተዳከመ ሄዶ በ2011 የመጨረሻዎቹ ተከታዮቹ ሲተውት ቀረ።

በኢጣልያም ከዚህ ቀደም ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። የኢጣልያ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በአዳማ ጋራዦች ውስጥ የሚሰማው «ካምቢዮ» ከዚያ ቋንቋ የመጣ ነው። በ1962 በሚላኖ ከተማ አንጀላና ሉቻና ጁሳኒ የተባሉ እኅትማማች «ዲያቦሊክ» የተባለውን የወንጀል ኮሚክ በራሳቸው ትንሽ ማተሚያ ድርጅት ስም አወጡ። አንጀላ አሳቡን ያገኘችው በባቡር ጣቢያ የሚመላለሱትን ሠራተኞች በመመልከት ነው ይባላል፤ ስለዚህ መጽሐፉ በኪስ እንዲገባ 12 በ17 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተዘጋጀ። ባለ ታሪኩ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ጂንኮ የተባለው መርማሪ ዘወትር ያሳድደዋል፣ ለዘለቄታው ግን አይዘውም። አንባቢውም ሌባው እንዳይያዝ በሚመኝበት ልቡ መርማሪውን ያከብረዋል። ባቡር የሚጠብቅ ሰው በኪሱ የሚይዘው ችሎት ተሠራለት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንባቢ ይፍረድ ማለት ወንጀልን ማስወደድ አይሆንምን? ልጆችስ ክፋት አይማሩምን? የዌርታም ክስ ይህ ነበር። በ2012 ግን ካሮል ቲሊ የተባሉ ተመራማሪ የሐኪሙን መዛግብት መርምረው፣ በመጽሐፉ የቀረቡት ማስረጃዎች ብዙዎቹ ተለዋውጠውና ተጋንነው መጻፋቸውን አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን ከነጻ አሳታሚ የወጣ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ሌባውን ውብ፣ የተሰረቀውን ሰው ግን ስም የለሽ የሚያደርግ መጽሐፍ ማንም ቢያሳትመው ሚዛኑን አጉድሎታል። በበላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው እንኳ የ78ቱን ስም ቢፈልግ አያገኝም። የወንጀል ኮሚክ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ይኸውም በሚዛኑ በሌላው ወገን ያለው ሰው ቤት፣ ሥራና ስም ያለው መሆኑን ማሳየት ነው። «ስትሬይ ቡሌትስ» ለምስክሯ ልጅ ይህን አድርጐላታል። በአዳማ የነበረችው የእኛ መጽሐፍ ግን ለዘበኛው ከአንዲት ሥዕል በላይ አልሰጠችውም።

ወደ አገራችን ሁኔታ ስንመለስ፣ ለረጅም ዘመን መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። ይህ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ነው። ከዚያ በኋላ የግል ጋዜጣና መጽሔት በብዛት ታየ። በ2018 በአውሮፓ አቈጣጠር ደግሞ በሠራት ደበበ በመሠረተው «ኤታን ኮሚክስ» አማካይነት «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ጀግና ያለበት ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ። የጀምበር ታሪክ ስለ ልዩ ኀይል እንጂ በተለይ ስለ ወንጀል አይደለም፤ ሆኖም ኢትዮጵያዊ ሠዓሊና ደራሲ በራሳቸው አሳታሚነት የሥዕል ታሪክ ለማውጣት እንደሚችሉ አስረድቶአል።

ከላይ ከተነገረው ሁሉ የሚከተለውን ለመደምደም ይቻላል። በሥዕል የሚተረክ ወንጀል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ዳኝነቱም በዛፍ ሥር ነበሩ። የጐደለው ሁለቱን በአንድ ትንሽ መጽሐፍ የሚያገናኝ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ተማሪ ቢኖር፣ ስለ ባንክ ዘራፊዎች ከውጭ አገር ከመቅዳት ይልቅ በአርሲና በምሥራቅ ሸዋ ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ጉማ የሚያስታውሱትን ጠይቆ ቢጽፍ የተሻለ መነሻ ያገኛል። ሽማግሌዎቹ ዕድሜያቸው እየገፋ ስለ ሆነ ሥራው ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። ሲጽፍም ከሁለቱ ወገን ሰዎች ጋር ተነጋግሮ የሁለቱንም ቤት ቢሥል፣ ፍጻሜውንም ለአንባቢው ቢተውለት፣ በመናኸሪያ የሚጠብቀው መንገደኛ መኪናው እስኪመጣ ድረስ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር የሚከራከርበት ነገር አያጣም።